ከኬላ እስከ ጥላ፦ የጅሬን የዕረፍት ታሪክ

ጅማ ላይ ማረፍ የፈለገ ሰው ዛሬ ወደ ዳር ይወጣል። አንዱ ወደ ጅሬን ኮረብታ ያቀናል፣ ሌላው ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፣ ጊዜና መኪና ያለው ደግሞ እስከ በለጠና ጌራ ደን ይዘልቃል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ግን መንገዱ በተቃራኒው ነበር። ማረፍ የናፈቀ መንገደኛ የሚጣደፈው ወደ መሀል ነበር፤ ከጫካው ወጥቶ፣ ኬላውን አልፎ፣ ሰው ወደሚተራመስበት ወደ ሂርማታ ገበያ። ያን ጊዜ ጫካው ያስፈራል፣ ገበያው ያሳርፋል።

እኔ ጅማ ተወልጄ፣ ጅማ ታሪክ አስተምሬ፣ ጅማ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ጭንቅላታችንን የምናሳርፍበት ቦታ ውሰደን» ይለኛል። እወስዳቸዋለሁ። ነገር ግን አስተማሪ አፉን መያዝ አይችልም፤ መንገዱን ሙሉ አወራለሁ። የማወራላቸውም ይኸው ነው፦ ጸጥታ ያለበት ቦታ ሁሉ ጸጥ ያሰኘው ሰው ወይም ነገር አለው፤ ያንን ሳያውቁ ማረፍ ይቻላል፣ ቦታውን ጠብቆ ማቆየት ግን አይቻልም። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጫካው ሲያስፈራ

በ19ኛው መቶ ዘመን በጊቤ ምድር አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ተጎራብተው ይኖሩ ነበር፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። ጎረቤትነታቸው ግን ግድግዳ ለግድግዳ አልነበረም። በአንዱና በሌላው መካከል ማንም የማያርሰው፣ ማንም ጎጆ የማይቀልስበት ባዶ መሬት ይተዋል፤ ሞጋ ይሉታል። ሞጋው ዳዋ ይለብሳል፣ ዛፍ ይውጠዋል። ሽፍታና ከጌታው የኮበለለ ሰው ይሸሸግበታል። ከሞጋው ወዲህ ጠላት እንዳይዘልቅ ቦይ ይቆፈራል፣ መንገዱ በሚያልፍበት ላይ ደግሞ ኬላ ይቆማል። አባ ኬላ የሚባለው ሹም መንገደኛውን ይቆጥራል፣ ቀረጡን ይቀበላል፤ ያለ ፈቃድ የሚወጣውን ይመልሳል።

ስለዚህ ዛሬ ደርሰን «እፎይ» የምንልበት ዓይነት ደን ለዚያ ዘመን ነጋዴ ልቡ የሚመታበት ስፍራ ነበር። ሲራራው ሞጋውን የሚያቋርጠው ተጠባብቆ፣ በቅሎው ከበቅሎ ሳይራራቅ ነው። ባዕድ አገር ሰው ከሆነ ደግሞ አደጋው ከሽፍታም ያልፋል። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቼኪና ጓደኛው ጆቫኒ ኪያሪኒ ወደ ከፋ ለመድረስ ሲጓዙ ጌራ ላይ በንግሥቲቱ እጅ ተያዙ። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው እንደ ታሰረ ሞተ፤ ቼኪ የተለቀቀው በዓመቱ ነው። ያው ጌራ ዛሬ የጉሬዛ ጩኸት ለመስማት ገንዘብ ከፍለን የምንሄድበት ጌራ ነው።

የንግዱ እንብርትም መጀመሪያ ጅማ አልነበረም። አባ ባጊቦ በሊሙ በነገሡበት ዘመን ትልቁ ገበያ ሰቃ ነበር። የጅማው ቀዳማዊ አባ ጅፋር፣ ከ1830 እስከ 1855 የገዙት ሰው፣ ጉልበታቸውን ያዋሉት መንገዱን ወደ ራሳቸው በማዞር ላይ ነው። በ1847 ባዲ ፎላን ሲይዙ ሲራራው ወደ ሰቃ የሚያልፍበትን በር ጨበጡ። ከዚያ ወዲያ ሰቃ እየከሳ ሂርማታ እየወፈረ ሄደ።

ሂርማታ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ያለው ሜዳ ነው። ስሙ ዛሬም ሂርማታ መርካቶ ተብሎ በከተማችን ይጠራል። ዋናው ገበያ ሐሙስ ይቆማል። ከጎንደር የመጣው፣ ከሸዋ የመጣው፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ዐረብ፣ አፍቃላ የሚባለው የአገሩ ኦሮሞ ነጋዴ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ቡና፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ አሞሌ ጨው ይቀርባል፤ የማሪያ ቴሬዛ ብር ከእጅ ወደ እጅ ይሸጋገራል። ነጋዴው ኬላውን ካለፈ በኋላ በንጉሡ ጥበቃ ሥር ነውና ጭነቱን አራግፎ፣ በቅሎውን ግጦሽ ላይ ለቆ፣ ዛፍ ሥር ተጋድሞ ይተኛል። የዚያ ዘመን ሰው የዕረፍት ቦታ ይህ ነበር፤ ጫጫታ የሞላበት፣ ግን እንቅልፍ የማይነሣ።

ከሸቀጡ መካከል ሰውም ነበረበት። ይህን ሳልናገር ባልፍ የማስተማሩን ሙያ ከዳሁ ማለት ነው። ሂርማታ በደቡብ ምዕራቡ አገር ከታወቁት የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከከፋ፣ ከኩሎና ከሌሎች አገሮች የተማረኩ ወንድና ሴት ልጆች በዚያው መንገድ ተነድተው፣ በዚያው ኬላ በኩል ተቆጥረው ገብተዋል። የመኳንንቱንም እርሻ የሠራው፣ ውኃና እንጨቱን ወደ ኮረብታው ያመላለሰው ትከሻ በአብዛኛው የእነሱ ነበር። ለነጋዴው እንቅልፍ የሰጠች ያቺ ኬላ ለእነሱ የመመለሻ ተስፋ የተቆረጠባት በር ናት። ከዛፉ ጥላ ሥር ሁሉም አልተኛም።

ኮረብታው

ጅሬን ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባጃጅ እስከ ደጁ ያወጣል፤ ጉልበት ያለው ግን በእግሩ ቢወጣ እመክራለሁ። መንገዱ ግራና ቀኙ የጓሮ ቡና፣ እንሰት፣ አቮካዶና ማንጎ ነው። የባሕር ዛፍ አጠና ትከሻው ላይ አጋድሞ ቁልቁል የሚሮጥ ጎረምሳ ይገጥምሃል፤ መንገድ ልቀቅለት፣ እሱ መቆም አይችልም። እየወጣህ ዞር ባልክ ቁጥር ከተማው ይሰፋል፤ ቆርቆሮው፣ ሚናሬቱ፣ ከአየር ማረፊያው ወዲያ ያለው ሜዳ።

ከላይ የሚጠብቅህ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው። ዋናው ቤት ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ሰፊ በረንዳ ዙሪያውን ይዞታል፣ አጥሩና ምሰሶው ላይ የጠራቢው እጅ ይታያል። በግቢው ውስጥ የእንግዳ መቀበያና መስጊድ አለ። የቤተ መንግሥቱ ዕቃ ብዙው ወደ ጅማ ሙዚየም ወርዷል፤ የንጉሡን ወንበርና መገልገያ ማየት የሚፈልግ ሰው ከኮረብታው በፊት ወይም በኋላ እዚያ ጎራ ማለት ይኖርበታል። ጅማ ከአንድ ግንድ በሚጠረብ በርጩማ የታወቀች አገር መሆኗን እዚያ ሲያዩ ያምናሉ።

ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 ሲነግሡ ገና የ17 ዓመት ልጅ ገደማ ነበሩ። እስከ 1932 ቆዩ፤ 54 ዓመት በአንድ ዙፋን። ያ ዘመን ምን ዓይነት ዘመን እንደ ነበር ለሚያውቅ ይህ ቁጥር ያስደንቃል። በ1882 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ያሸነፈው ወደ ጊቤ ምድር የሚወስደውን በር ያዘ። ያሸነፉት ምኒልክ ናቸው። በዙሪያው ያሉ መንግሥታት አንዳንዱ ተዋግቶ ወደቀ፣ አንዳንዱ ተቃጠለ። ከፋ በ1897 እስኪወድቅ ድረስ የደረሰበት ጥፋት በአገሩ ሰው አፍ ዛሬም ይነገራል።

ጅማ አልተዋጋችም። ምክሩ የወጣው ከንጉሡ እናት ከጌኔ ጉሚቲ ነው ይባላል፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም መዝግበውታል። የምኒልክን ጠመንጃ ብዛት የተረዱት እመቤት ልጃቸውን ገብር፣ ግን ቤትህን ጠብቅ ብለው መከሩ። አባ ጅፋርም ከ1884 ጀምሮ ለምኒልክ መገበር ያዙ፤ በምላሹ አገራቸውን በራሳቸው ሹም፣ በራሳቸው ሕግና ሃይማኖት ማስተዳደራቸው ጸና። ግብሩ ቀላል አልነበረም፤ ከብሩና ከዝሆን ጥርሱ ሌላ፣ ንጉሡ በጎረቤቶቻቸው ላይ በተደረገው ዘመቻ ጦራቸውን ይዘው እንዲሰለፉ ተገደዋል። የአሜሪካው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኸርበርት ልዊስ ስለ ጅማ መንግሥት በ1965 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ከላይ እስከ ታች ይተነትናል።

እንግዶቼን በረንዳው ጥግ አቁሜ የምነግራቸው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ከእንጨት መሠራቱን ልብ በሉ እላለሁ። እንጨት ይቃጠላል። በዚያ ዘመን በዙሪያው ስንት የእንጨት ቤተ መንግሥት ነደደ! ይህኛው ቆሞ የምናየው አንዲት እናት ጦርነትን ስላስቀረች ነው። ጎረቤት የከፈለውንም ዋጋ አብሬ አነሣለሁ። አድማጩ የፈለገውን ይፍረድ።

ኮረብታው ዝም ሲል

አሁን የምናደንቀው የጅሬን ጸጥታ ግን በአባ ጅፋር ዘመን አልነበረም። ያን ጊዜ ግቢው ከሳሽና ተከሳሽ፣ ሹምና ደጅ ጠኚ፣ ወታደርና አንጥረኛ፣ እንግዳና አስተናጋጅ የሚጋፋበት የመንግሥት መቀመጫ ነበር። ጅሬን ጸጥ ያለው ሥልጣን ጥሎት ስለሄደ ነው።

በ1932 አባ ጅፋር ሞቱ፤ በዚያው ዓመት የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ፣ አገሩ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። አራት ዓመት ሳይቆይ ጣሊያን መጣ። ጣሊያኖች የደቡብ ምዕራቡን ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ላይ ሲያደርጉ ወደ ኮረብታው አልወጡም፤ ሜዳውን መረጡ። ሰፋፊ መንገድ ቀየሱ፣ ዳርና ዳሩን ዛፍ ተከሉ፣ መሥሪያ ቤትና ሲኒማ ሠሩ። በጅማ መሀል ከተማ ዛሬም በእግር መንሸራሸር የሚያስደስተው በዚያ ዘመን የተጣለ የመንገድ ስፋት ስላለ ነው። ያንን መንገድ የሠራውም አብዛኛው እጅ የአበሻ እጅ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። በሰኔ 1941 ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ወጣች፤ ከዚያ በኋላም መንግሥት ከሜዳው አልተነሣም፤ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች።

በ1952 ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ትብብር የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ግቢው ለእኛ ለጅማ ልጆች ሌላ ጅሬን ነበር፤ በልጅነታችን አጥር ሾልከን ገብተን ከዛፉ ሥር የምናጠናበት፣ ዘበኛ ሲመጣ ደብተር አንጠልጥለን የምንሮጥበት። ትምህርት ቤቱ ኋላ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋህዶ በ1999 የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

እንዲህ ሥልጣኑም፣ ንግዱም፣ ትምህርቱም ሜዳው ላይ ሲሰበሰብ ኮረብታው ባዶውን ቀረ። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ይወጣሉ፤ ተማሪ የፈተና ጭንቀቱን ሊያራግፍ ይወጣል፤ በዒድ ማግስት ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። በቅርብ ዓመታት በተደረገው እድሳትም ግቢው ነፍስ ዘርቷል። አንዳንድ እንግዳ «እዚህ ላይ ጊዜ ቆሟል» ይለኛል። ጊዜ አልቆመም፤ ወርዶ ሜዳው ላይ እየሠራ ነው፤ እኛም ከእሱ ነው የሸሸነው።

የቡናው ጥላ

ከጅሬን ወዲያ ያለው ዕረፍት የቡና አገር ዕረፍት ነው። ወደ አጋሮ የሚወስደውን መንገድ ይዘህ ማናንና ጎማን ስታልፍ ሁለቱም ዳር ጫካ ይመስላል። ጠጋ ብለህ ስታይ ግን ጫካው ባለቤት አለው። ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራና ቀረሮ ቅርንጫፉን ዘርግቷል፤ ከሥሩ ቡናው ተደርድሯል። ቡና ቀጥተኛ ፀሐይ አይወድም፤ ጥላ ከበዛበትም አያፈራም። ስለዚህ ገበሬው ቅርንጫፍ ይመለምላል፣ አንዳንዱን ይቆርጣል፣ ችግኝ ይተክላል፣ በየዓመቱ ከለቀማ በፊት ሥሩን ይመነጥራል። ጎብኚ «ድንግል ደን» እያለ ፎቶ የሚያነሣው ብዙው ቦታ በትውልድ ልምድ የተበጀ የጥላ እርሻ ነው።

ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ አለች፤ ኬታ ሙዱጋ የሚባለው ስፍራ ቡና መጀመሪያ የተገኘበት ነው ብሎ የአገሩ ሰው አጥብቆ ይናገራል። የከፋ ሰው ደግሞ የእኔ ነው ይላል። ክርክሩ ውስጥ አልገባም፤ ሁለቱም ጋ የሚቀርበው ቡና ግሩም ነው። ከጅማ ወደ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የመልኮ የምርምር ማዕከል ከ1967 ጀምሮ ቡና ላይ ይሠራል። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ እሸቱን ዛፉ ላይ እንዳለ ሲያጠቁረው፣ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ የተፈለገውና የተገኘው በእነዚሁ ደኖች ካሉት ቡናዎች መካከል ነው። ደኑ ያን ጊዜ ባይኖር ኖሮ የብዙ ገበሬ ጓዳ ባዶ ይቀር ነበር።

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ሸቤ አካባቢ፣ በለጠ ደን ይጀምራል፤ ከአጋሮ በኩል ደግሞ ጌራ። በ2003 የጃፓን የትብብር ድርጅት ጃይካ ከኦሮሚያ መንግሥት ጋር ሆኖ በበለጠ ጌራ ደኑን ከነዋሪው ጋር የማስተዳደር ፕሮጀክት ጀመረ። መንደሮቹ ማኅበር መሠረቱ፣ ወሰን ተካለለ፣ ደኑን የሚጠብቅ ሰው በውስጡ ያለውን ቡና የመልቀም መብቱ በስምምነት ተጻፈለት። ቡናቸውም የሬይንፎረስት አሊያንስ ምስክር ወረቀት አግኝቶ ከፍ ባለ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ጃፓን ደን ውስጥ ማረፍን ቀድማ ያሰበችበት አገር ናት፤ በ1982 የደን መሥሪያ ቤቷ የከተማ ሰው በሥራ የዛለ አእምሮውን ዛፍ መሀል በመመላለስ እንዲያድስ ዘመቻ አድርጎ ነበር። የጃፓኑ ሠራተኛ ዕረፍት የሚያገኝበት ደን የመንግሥት ጥበቃ አለው። የእኛ በለጠ ጠባቂው እዚያው ቡና የሚለቅመው ገበሬ ነው፤ ዋጋ ሲወድቅ ምሳርና ጫት ወደ ዓይኑ ይመጣሉ።

ለማረፍ የሚመጣ ሰው ወሩን ቢመርጥ ጥሩ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ አገር ስለሆነች ክረምት ላይ የደን መንገድ ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው፤ እሸቱ ቀልቶ፣ ጀንፈሉ በየደጁ ተሰጥቶ፣ አገሩ በሥራ ይሞቃል። ጸጥታ የፈለገ በየካቲትና በመጋቢት ይምጣ። የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ካለ በኋላ ቡናው በአንድ ጊዜ ያብባል፤ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል፣ አበባው ግን ጥቂት ቀን እንጂ አይቆይም።

ቦዬ

ሩቅ መሄድ ለማይችል ቦዬ አለ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የሚገኝ ረግረግና ኩሬ ነው። ጉማሬ አለው፤ ማለዳ ወይም ፀሐይ ሲበርድ ዳር ተቀምጦ የጠበቀ ሰው ጆሮና ጀርባቸውን ያያል። ራሳቸው ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያቆሙ ትልልቅ ወፎችም ጥንድ ጥንድ ሆነው ሳሩ ውስጥ ይራመዳሉ። ለጅማ ሰው ረግረግ ባዕድ ነገር አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር ቡና ከሚፈላበት ረከቦት ሥር የምንጎዘጉዘው ቄጤማ የሚታጨደው ከእንዲህ ያለው ጨፌ ነው። ከተማዋን አቋርጦ የሚወርደውን የአዌቱን ቆሻሻ ውኃ አጣርተው ወደ ግልገል ጊቤ የሚያሳልፉትም በዙሪያው ያሉት ረግረጎች ናቸው። ግልገል ጊቤ ላይ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ መብራት የሚያመነጭ ግድብ አለ።

ከምወስዳቸው ቦታዎች ሁሉ ያለ ጠባቂ የቀረው ይኸው ቦዬና መሰሎቹ ናቸው። ጅሬን ቅርስ ተብሎ ዘበኛ ተቀጥሮለታል። በለጠ ማኅበር አለው። ረግረጉን ግን ሁሉም እንደ ባዶ መሬት ያየዋል። ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፤ ባሕር ዛፍም ውኃውን ይመጠዋል። ጭቃው ለሸክላ ጡብ ይቆፈራል፣ ጥሻው ለእርሻ ይጠነፈፋል፣ የከተማ ቆሻሻም ይደፋበታል። ጡብ የሚሠራውን ወጣት አልወቅስም፤ የዕለት እንጀራው ነው። የሚወቀሰው ረግረጉን ለማንም ያላስረከብነው ሁላችን ነን። የጥንቱ ሞጋ ማንም እንዳይነካው በሁለት መንግሥታት ስምምነት የተተወ ነበር፤ የዛሬው ቦዬ ማንም እንዳይጠብቀው የተተወ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ለማረፍ ወደ ጅማ ስትመጣ ጥቂት ነገር አደራ እልሃለሁ። ጅሬን ላይ አስጎብኚውን ቅጠር፤ ስለ ጉሚቲም፣ ስለ ባሪያ ገበያውም ጠይቀው፤ ሁለቱንም የሚነግርህ ጥሩ አስጎብኚ ነው። በለጠና ጌራ ስትገባ በማኅበሩ በኩል ግባ፣ ቡናህንም ከእነሱ ግዛ፤ የተቀመጥክበትን ጥላ ያቆየልህ ያ ብር ነው። ቦዬ ስትወርድ የውኃ ፕላስቲክህን ይዘህ ተመለስ፤ ከተማዋን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ደግሞ ረግረጉ ወሰን ተካልሎለት ጠባቂ እንዲሾምለት ጠይቅ። ነጋዴው ሂርማታ ላይ በሰላም የተኛው ከኬላው ላይ ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው ስለ ነበረ ነው። ቦዬም አባ ኬላ ያስፈልገዋል።